«አንቺ ማነሽ?» አለኝ ልጄ

ጥያቄ፦

ይድረስ ለእትዬ። እንደምን ሰነበቱ? መጽሔቱን ጎረቤቴ አንብባ ስትጨርስ ታቀብለኛለች። ሁልጊዜ መጀመሪያ የማነበው የእርስዎን ገጽ ነው። ዛሬ ደግሞ ራሴ ለመጻፍ ተገደድኩ።

የ17 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። በ2004 ዓ.ም. ቤይሩት ስሄድ ገና አራት ዓመቱ ነበር። አባቱ ሳይወለድ ነው ጥሎን የሄደው። ልጁን ለእናቴ ትቼ ሄድኩ። የሄድኩ ሌሊት ተኝቶ ነበር። ሲያለቅስ ካየሁት እግሬ አይነሳም ብዬ አልቀሰቀስኩትም። ሲነቃ «ከረሜላ ልትገዛልህ ሄዳለች» በሉት አልኳቸው።

ለሁለት ዓመት ብዬ የወጣሁት ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ፓስፖርቴ ማዳም እጅ ነበር። በሦስተኛው ዓመት እናቴ አረፈች፤ ለቀብሯ እንኳ አልደረስኩም። ልጁ እንዳይደነግጥ ብለው «ጸበል ሄዳለች» አሉት። ከዚያ ወንድሜ ወሰደው። በየወሩ ገንዘብ እልክ ነበር። ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ ታብሌት፣ ምንም አላጎደልኩበትም። በኢሞ ስደውል ሰላም ብሎኝ ቶሎ ስልኩን ለወንድሜ ሚስት ያቀብላታል። አፍሮ ነው ብዬ አለፍኩት።

በ2013 ዓ.ም. ተመለስኩ። ኤርፖርት ላይ እንደ እንግዳ እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። አሁን ኮተቤ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ከመጣሁ በኋላ የወለድኳት የሦስት ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ። እሱ እናቴን ነበር «እማዬ» የሚላት። እኔን በስሜ ነው የሚጠራኝ። አምና ከአስተማሪ ጋር ተጋጭቶ ከትምህርት ቤት ተባረረ። ውሎው ፑል ቤት ነው። በትንሹም በትልቁም ግልፍ ይለዋል። ባለፈው ወር «የት አመሸህ?» ስለው ቴሌቪዥኑን በቡጢ ሰበረው። እጁ እየደማ «አንቺ ማነሽ? ምኔ ነሽ?» አለኝ።

ፋሲካ ዕለት ወንድሜ ሊጠይቀን ሲመጣ ከተቀመጠበት አልተነሳለትም። ዘመድ ሁሉ እያየ በሩን አላትሞ ወጣ። «ባለጌ አደረግሽው» ብለው ወቀሱኝ። ወንድሜማ «እኔ ጋ እያለ እንዲህ አልነበረም፤ በርበሬ ሲታጠን ቀጥ ይል ነበር» አለ።

የሚገርመው ደግሞ ልጄ ፈሪ ነው። ከመደርደሪያ ላይ ድስት ላወርድ እጄን ሳነሳ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል። የእናቴን አሮጌ ነጠላ ትራሱ ሥር ደብቆ ነው የሚተኛው።

ሰው ሁሉ የየራሱን ይመክረኛል። ፖሊስ ጥሪ የሚሉኝ አሉ። ጸበል ውሰጂው የሚሉኝ አሉ። ወንድሜ ለስድስት ወር መልሼ ልውሰደውና ላስተካክልልሽ ይላል። ምን ላድርግ? እኔስ የተንከራተትኩት ለማን ብዬ ነው?

የጨነቃት እናት፣ ከኮተቤ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ልቤ የቀረው ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር። በሁለተኛው ፋሲካው ላይ። በሦስተኛው ግን ድስቱ ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሳሁ።

«ፈሪ ነው» ብለሽ ያለፍሽው ነገር የደብዳቤሽ ልብ እሱ ነው። በቁመት የሚበልጥሽ ጎረምሳ፣ አንቺ እጅሽን ስታነሺ ጭንቅላቱን የሚሸፍነው ፈሪ ስለሆነ አይደለም። ስለተመታ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ዓይኑ ድስቱን ሳያይ በፊት ሰውነቱ እጅሽን አይቷል።

ስለዚህ አንዱን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፤ ማደር የለበትም። ወንድምሽ ጋ አትመልሺው። ስድስት ወር ቀርቶ አንድ ሌሊትም። ሕፃን በበርበሬ ማጠን ሥርዓት ማስያዝ አይደለም። ዓይኑንና ሳንባውን በጭስ ማቃጠል ነው። ብዙዎቻችን ስላየነው፣ አንዳንዶቻችንም ስለታጠንን፣ ተራ ነገር መስሎን ቀርቷል። ወንድምሽ «ቀጥ ይል ነበር» ሲል አልዋሸም። ልጁ ቀጥ ብሎ ነበር። ጨዋነት ግን አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ያኔ መቆጣት አይችልም ነበር፤ ትንሽ ነበር፣ የሚሄድበትም አልነበረውም። አሁን ቁመቱ ረዘመ። በዚያ ቤት ያልወጣው ቁጣ ባንቺ ቤት ወጣ።

ፋሲካ ላይ ያልተነሳው ለዚህ ነው። ከዘመድ መሐል የመታውን ሰው ጉልበት ስሞ እንዲቀበል ጠበቃችሁት። እሱ ግን አልተሳደበም፣ አልተማታም፤ ወጥቶ ሄደ። እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ ተከትዬው እወጣ ነበር። ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። ሽማግሌ ሰብስበው ላስታርቅ ቢሉሽ እሺ አትበዪ። ወንድምሽ ራሱ መጥቶ ያደረገውን በስሙ ጠርቶ ይቅርታ እስካልጠየቀ ድረስ፣ ልጁ ሰላም እንዲለው ማንም አያስገድደው።

ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ሴዝ ፖላክ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። እየተደበደቡ ላደጉና ላልተደበደቡ ልጆች የሰው ፊት ያሳያቸው ነበር። ምስሉ መጀመሪያ ብዥ ያለ ነው፤ ቀስ በቀስ ይጠራል። የተደበደቡት ልጆች የተቆጣውን ፊት ገና ሳይጠራ ለዩት። ሌሎቹ ምንም ሳይታያቸው እነሱ ቁጣውን አይተውታል። ይህ በሽታ አይደለም። ከማን መሸሽ እንዳለበት ቶሎ ማወቅ ያለበት ልጅ የሚማረው ትምህርት ነው። ችግሩ ቤቱ ሲቀየር ትምህርቱ አብሮ አለመቀየሩ ነው። አንቺ «የት አመሸህ?» ስትዪው ጭንቀት ነው የተናገርሽው። እሱ ያየው ሊመታ የመጣ ፊት ነው። አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የምታክል ክፍል አለች። አደጋ ስታይ ሐሳብን አትጠብቅም፤ ቀድማ ትጮኻለች። ቆይ እስቲ የሚለው፣ ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ እስከ 25 ዓመት ገደማ አይበስልም። ልጅሽ 17 ነው።

ግን ዱላው ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚቆጣው ወንድምሽን ነበር። ለምን አንቺን?

ይህን ስጽፍ ልብሽ እንደሚነካ አውቃለሁ። ልጅሽ ሁለት ጊዜ እናት ጠፍታበታለች። ሁለቱንም ጊዜ ተዋሽቷል። አንዷ ከረሜላ ልትገዛ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ሌላዋ ጸበል ሄደች፤ አልተመለሰችም። የአራት ዓመት ልጅ ስለ ኤጀንሲ፣ ስለ ኮንትራት፣ ስለ ቤት ኪራይ አያውቅም። ያልተነገረውን ነገር በራሱ ይሞላዋል። የሚሞላውም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጥፋት ነው።

22 ዓመት በትምህርት ቤት አማካሪነት ሠርቻለሁ። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ በየሳምንቱ በጠብ ይላክልኝ ነበር። «ለምን ተደባደብክ?» እለዋለሁ። ጣራ ጣራ ያያል። «ወላጅ ይዘህ ና» ብዬ እሰደዋለሁ። አንድ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ቢሮው ጨለመ። ወጥተን ግቢውን መዞር ጀመርን። ሦስተኛው ዙር ላይ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ «እናቴ የሞተችው ውሃ ቅዳ ስትለኝ እንቢ ስላልኳት ነው» አለኝ። ስድስት ዓመቱ ነበር ስትሞት። አሥር ዓመት ይህን ተሸክሞ ነው የሚደባደበው። እኔ ደግሞ ያን ልጅ ስንት ጊዜ ወላጅ አምጣ ብዬዋለሁ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ጆን ቦውልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1944 እ.ኤ.አ. ስለ 44 ሌባ ልጆች የጻፈው ጥናት አለ። ከነሱ 14ቱ ለማንም ደንታ የሌላቸው፣ ፍቅርም ቁጣም የማይነካቸው የሚመስሉ ነበሩ። የሕይወታቸውን ታሪክ ሲጠይቅ፣ ከ14ቱ 12ቱ በሕፃንነታቸው ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ ተለይተው የቆዩ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በኋላ ብዙ ተተችቷል፤ መለየት ሁሉ ልጅን ያበላሻል ማለትም አይደለም። እኔ የማልረሳው ከዚያ ደንታ ቢስ ፊት ጀርባ ቦውልቢ ያየውን ነው። መጨረሻ የሌለው ሐዘን። ኤርፖርት ላይ የተዘረጋውን እጅ ስታስቢ ይህን አስቢ። ጨብጦሽ የቀረው ስላልናፈቅሽው አይደለም። ድጋሚ ብትሄጂ እንዳይጎዳ ነው።

እንግዲህ «አንቺ ማነሽ?» ያለሽ ለዚህ ነው። ስድብ መስሎሽ ቆስለሻል። እኔ ግን የሰማሁት ጥያቄ ነው። በአራት ዓመቱ ከእንቅልፉ ነቅቶ ሊጠይቅሽ የፈለገውን በ17 ዓመቱ ጠየቀሽ። ወንድምሽን ሊጠይቀው አይችልም። አያቱ የለችም። ሊጠይቅሽ የደፈረው የምትመልሺለት እንደሆንሽ ውስጡ ስለጠረጠረ ነው። መልሺለት።

እንዴት? ፊት ለፊት አስቀምጠሽው አይሁን። ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ይሁን፤ ወይ በታክሲ፣ ወይ በእግር። ወንድ ልጅ ዓይን እያየ አያወራም። «ለምን» የሚለውን ቃል ተዪው፤ ለሱ ክስ ነው። ብዙ አታውሪ። እንደዚህ በዪው፤ «ስሄድ ተኝተህ ነበር። ከረሜላ በሉት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ዋሸሁህ። በር በሩን እያየህ ጠብቀኸኛል። አንተ ምንም አላጠፋህም። አጎትህ ቤት የደረሰብህን አላወቅኩም፤ መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ።» እዚህ ላይ አቁሚ። «ግን ለአንተ ብዬ ነው» ልትዪ ምላስሽ ጫፍ ላይ ይመጣል። ዋጪው። እውነት ነው፤ ለሱ ብለሽ ነው። ዛሬ ግን ያቺ «ግን» ከወጣች ይቅርታው ብድር ይሆናል። ስለ ማዳም፣ ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ቤይሩት አንድ ቀን ራሱ ይጠይቅሻል። ያኔ ትነግሪዋለሽ።

ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በእኛ ቤት ማን አይቷል? እኔ አላየሁም። አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን ይቅርታ ሳይለኝ ነው የሄደው። የመጀመሪያ ልጄ ስድስት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን ተቆጥቼ እጄን አነሳሁ። ልክ እንዳንቺ ልጅ ሸሸችኝ። ያን ምሽት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ይቅርታ ለማለት ግማሽ ሌሊት ፈጀብኝ። ቃሉ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለኝ። አንቺንም ያስቸግርሻል። ቢንተባተብብሽም በዪው።

መልስ አትጠብቂ። «እሺ» ብሎ ፑል ቤት ሊሄድ ይችላል። ጭራሽ ሊጮህብሽም ይችላል። ለጥቂት ሳምንት ቢብስበት አትደንግጪ፤ እውነት እንደሆነ እየፈተነሽ ነው። በመጣ ቁጥር ምግቡ ተቀምጦ ይጠብቀው። የት እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ንገሪው። በአሥር ሰዓት ካልሽው በአሥር ሰዓት ግቢ። ለሌላ ልጅ ትንሽ ነገር ነው። ከረሜላ እየጠበቀ ላደገ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ስለ አያቱ። ያን ነጠላ እንዳታጥቢው፣ እንዳትነኪው። አንድ ቀን ብቻ፣ «እማዬ የተቀበረችበትን ላሳይህ?» ብለሽ ጠይቂው። ለእሱም ላንቺም እርም አልወጣም እኮ። አንቺም ቀብሯ ላይ አልቆምሽም። አብራችሁ ሂዱ። ሻማ አብሩ። ካለቀሰ አታባብይው፤ ዝም ብለሽ አጠገቡ ሁኚ።

ይህ ሁሉ ማለት የፈለገውን ይስበር ማለት አይደለም። ትንሿ ልጅሽ ሁሉን እያየች ነው። ሲረጋጋ ቁርጥ ያለ ነገር ንገሪው፤ «በዚህ ቤት ማንም አይመታም፤ እኔም አንተን አልመታም፣ አንተም አትመታም፣ ዕቃም አይሰበርም።» ሲግል አትከራከሪው፣ በር ላይም አትቁሚበት፤ ሕፃኗን ይዘሽ ጎረቤት ግቢ። ቴሌቪዥኑን አሁን አትግዢ። ሲሠራ በጥቂት በጥቂቱ አብሮሽ ይተካዋል። እሷን ስታቅፊ የሚያይበትን ዓይንም ልብ በዪ። እሱ ያላገኘውን ነው የሚያየው። በሳምንት አንድ ቀን ሕፃኗን ለጎረቤት ትተሽ እሱን ብቻ ይዘሽ ውጪ፤ ሻይ ቤትም ቢሆን።

ፖሊስ ለማስፈራሪያ አይጠራም። ስለት ካነሳ ወይም ሰው ከመታ ግን ለመጥራት አታመንቺ። ጸበሉን አልቃወምም፤ ወዶ ከሄደ አብረሽው ሂጂ። አስገድዶ፣ አስሮ መውሰድ ግን ሌላ በርበሬ ነው። ከጸበሉ ጎን ለጎን ሐኪም ይየው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በተመላላሽ ያክማል፤ ዘውዲቱም የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። አማኑኤል «የእብድ ቤት» ነው የሚለው ወሬ ስንቱን ልጅ ከሕክምና እንዳስቀረ እኔ አውቃለሁ። መሞት እፈልጋለሁ ካለ፣ ወይም ራሱን ከጎዳ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ውሰጂው።

«የተንከራተትኩት ለማን ብዬ ነው?» ላልሽው፣ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ለሱ አታንሺበት። ለኔ አንሺው፤ ለጓደኛሽ፣ ለንስሐ አባትሽ፣ እንዳንቺ ቤይሩት ለነበረች ሴት አንሺው። ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጅ አዝለሽ የራስሽን በስልክ ስታሳድጊ ኖረሻል። ያ ሐዘን ያንተ ነው ተብሎ ለልጅ አይሰጥም። መውጫ ግን ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ ጥያቄ፦

24 ዓመቴ ነው፤ አዳማ ነው የምኖረው። አባቴ በቀበቶ ነው ያሳደገን። እንደሱ አልሆንም ብዬ ምዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከእጮኛዬ ጋር ስንጨቃጨቅ ስልኳን ወርውሬ ግድግዳ ላይ ከሰከስኩት። እሷን አልነካኋትም። ፊቷን ግን አየሁት። እኛ አባታችንን የምናየው እንደዚያ ነበር። ልለወጥ እችላለሁ ወይስ በደሜ ነው?

መልስ፦

ወንድሜ፣ በደምህ አይደለም። ኤሚ ቨርነር የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሃዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ 40 ዓመታቸው ተከታትላለች። በድህነት፣ በመጠጥ፣ በጠብ መሐል ካደጉት ውስጥ ሲሶው ያህል ደህና ሆነው አደጉ። እነዚህ አብዛኞቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚቀርባቸው አንድ ሰው ነበራቸው፤ አያት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት። ከቀሩትም በጉርምስና ዘመናቸው ያስቸገሩት ብዙዎቹ እስከ 40 ዓመታቸው ተስተካክለዋል፤ በሙያ፣ በጥሩ ትዳር፣ በእምነት። አንተ ገና 24 ነህ።

«አልነካኋትም» ማለትህን ግን እንደ ማስተባበያ አትያዘው። ከግድግዳው አጠገብ ለቆመችው ስልኩ ምት ነው። ስልኳን ግዛላት። «ፈራሁህ» ስትልህ አትከራከራት። መራቅ ብትፈልግ አትከልክላት። የሠርግ ቀን ቆርጣችሁ ከሆነም አራዝሙት።

ቁጣ ሳይመጣ በፊት ሰውነትህ ላይ ምልክት አለ። አንዳንዱ ጆሮው ይግላል፣ አንዳንዱ መንጋጋው ይጠብቃል። ያንተን ፈልገህ አግኘው። ሲመጣ ውጣና ተራመድ። ስትወጣ ግን በር አላትመህ አይሁን፤ «ግማሽ ሰዓት ልራመድ፣ እመለሳለሁ» በላትና በግማሽ ሰዓት ተመለስ።

ለአንድ ሰው ደግሞ ስለ ቀበቶው ሙሉውን ንገረው። ለእጮኛህ አይደለም፤ ለባለሙያ። ከተማህ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ሄደህ የሥነ አእምሮ ክፍሉን ጠይቅ። ቀጠሮ የያዝክ ዕለት ቀኑን ጻፍልኝ።